ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር

ምን ጎድሎን ነበር? መኪናው ነበረን። ሳይክሉ ነበረን። መንገዱ ክፍት ነበር። ልጆቹም ገና ልጆች ነበሩ። የጎደለው ሳይክሉን መኪናው ላይ ይዞ የሚሄድ ሁለት ዘንግ ብረት ብቻ ነው። እሱን መምረጥ አቃተን። እሱን ማሠራት ታከተን። «ክረምቱ ሲወጣ»፣ «ለጥምቀት»፣ «ለፋሲካ» እያልን ዓመት በዓመት ላይ ደረብን። ዛሬ ልጁ በቁመት በልጦናል፣ ሳይክሉ ደረጃ ሥር ዝጓል፣ መንገዱም እንደ ድሮው አልሆን ብሏል። እኛም ቁጭ ብለን እንቆጫለን።

ይህ ወቀሳ ለሁሉም አይደለም። መኪና የሌለው አይወቀስም። ለልጁ ሳይክል መግዛት ያልቻለም አይወቀስም። የሚወቀሰው ነበረውና ያልተጠቀመበት ነው። በባሕር ዳር፣ በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም የምንኖር፣ ዕቁብ ጥለን፣ ብድር ተበድረን አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የገዛን፣ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ ሳይክል የሸለምን ሰዎች ነን ተወቃሾቹ። ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ግን ዕድሉ በእጃችን ነበር። በእጅ ያለ ዕድል ደግሞ ሲያመልጥ በሌላ አይሳበብም።

ባሕር ዳርን ያየ ሰው ያውቃል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ዳገት የሚባል ነገር አያውቃትም። ጎዳናዎቿ ገና ሰው ሳይበዛባት ሰፋ ብለው ተቀይሰዋል፤ ዘንባባውም ጥላ ሰጥቷቸዋል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ ከተማዋ ሠራተኛና ተማሪ ሞላት። ሠራተኛው በሳይክል፣ ተማሪው በሳይክል፣ አስተማሪው በሳይክል። ሴቱ ነጠላውን አጣፍቶ በሳይክል። የቀረው አገር በእግሩ ሲኳትን ባሕር ዳር ትጋልብ ነበር። በየሰፈሩ ኪራይ ሳይክል ነበር፤ ሳንቲም ያገኘ ሕፃን ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ይነዳ ነበር። ይህን ሀብት ማንም አልሰጠንም። ሜዳው ሰጠን፣ ሐይቁ ሰጠን፣ የቀደሙት አወረሱን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሳይክል የት ደረሰ? ከከተማው ጥግ አልፎ አገር አየ? አላየም። ቀበሌ አሥራ ምናምን ደርሶ ተመለሰ።

ምክንያቱ ስውር አልነበረም። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚወጣው አስፋልት መራዊንና ዳንግላን አልፎ እንጅባራ ሲደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥቷል። 700 ሜትር ዳገት የስምንት ዓመት ልጅ በፔዳል አይገፋውም። አስፋልቱም የልጅ አይደለም፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት አይሱዙ ነው የነገሠበት። እንግዲያስ ዳገቱንና አስፋልቱን መኪና ይሸከምለት፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ልጁ ይውረድና ይንዳ። መፍትሔው ይኸው ነበር። ሌላ ጥበብ አልነበረውም። እኛ ግን ከመኪናና ከሳይክል አንዱን መምረጥ ያለብን መሰለን። መኪና ሲገዛ ሳይክል ወደ ጓሮ። ሊሸከመው የሚችለው መኪና ቀበረው።

እስቲ ያመለጠንን እንቁጠረው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ተወጥቶ ለምሳ የሚደረስባት። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ እንደሚሳሳ ያልሰማ የለም፤ ለዚህ ነው ነሐሴና መስከረም የማይገኝ ጊዜ የሆነው። ዓባይ ሞልቶ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነው ገደል ሲወረወር፣ ጢሱ ፊት ሲያረጥብ፣ አደይ አበባው ማሳውን ሲያለብሰው መኪናውን ከተማዋ ጫፍ ማቆም። ሳይክሎቹን ማውረድ። ልጆቹን በእርሻው መሀል ባለው የጥርጊያ መንገድ መልቀቅ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ሳይክላቸውን እየገፉ ማሻገር። ይህን ማድረግ አንችልም ነበር? ማን ከለከለን? እኛ ያደረግነው ምንድን ነው? በመኪና ሄድን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ጥብስ በላን፣ ተመለስን። ልጆቹ አገራቸውን በኋላ መስኮት አዩ። ሳይክላቸው ባሕር ዳር ግቢ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

ዘንገና ሐይቅም እንዲሁ አለፈን። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ፣ በደን የተከበበ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ። በአዲስ አበባ መንገድ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አለፍን? አንዳንዶቻችን ቆመን አይተነው እናውቃለን፤ ሽንት ለመሽናት። ይህ ነው ጉብኝታችን።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የቡሬና የፍኖተ ሰላም መሀል ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ ማንኩሳ አለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን ያውቃታል፤ የበዛብህ አገር ናት። ልጆቻችን መጽሐፉን ለፈተና አጥንተውታል። ማንኩሳን ግን ረግጠዋት አያውቁም። ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚገቡት መንገዶች፣ የበርበሬው ማሳ፣ የፍኖተ ሰላም የማንጎ ጓሮ፣ የላህ ወንዝ ዳር፣ ይህ ሁሉ ለልጅ እግርና ለሁለት ጎማ የተሠራ ነው ቢባል ማን ይክዳል? ቡሬ አክስት አለችን፣ ፍኖተ ሰላም አያት አሉን። ማደሪያው ነፃ ነው። ምግቡ ነፃ ነው። አያት «ልጆቼን አምጧቸው» እያሉ በየበዓሉ ይደውላሉ። እኛ ልጆቹን ይዘን ሄድን፤ ሳይክላቸውን ግን አላስከተልንም። ልጆቹም ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ ዋሉ፤ እኛም «የዛሬ ልጅ ገጠር አይወድም» ብለን ፈረድንባቸው። ማን ነው ገጠሩን የነፈጋቸው?

ሰበብ አላጣንም። ትልቁ ሰበባችን «የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ይህችን ጥያቄ ይዘን ቡና በጠጣን ቁጥር ተከራከርን። አንዱ ጣራ ላይ የሚጫን ፖርቶመጋላ ይሻላል አለ። ሌላው የለም፣ ከኋላ በሻንጣው መክደኛ ላይ በጠፍር የሚታሰረው ይሻላል አለ። ሦስተኛው የተሳቢ መጎተቻው ጋንቾ ላይ የሚሰካው ነው እውነተኛው ብሎ ሁለቱንም ናቀ። ክርክሩ ዓመት ፈጀ። ዓመት!

ክርክሩ ሞኝነት አልነበረም፤ ቁም ነገር ነበረው። ጣራ ላይ ከሆነ ትንንሽ መኪኖች የሚችሉት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፤ ያውም ፖርቶመጋላው ራሱ ተቆጥሮ። ያ ከባዱ የቻይና ብረት ሳይክል ደግሞ ብቻውን 20 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ የአባትና የእናት ተጭኖ የልጆቹ ሲጨመር ጣራው ያቃስታል። ሳይክል ተሸክሞ በግቢ በር ሥር ሲገባም ከላይ ማየት ይረሳል። ከኋላ በጠፍር የሚታሰረው ርካሽና ቀላል ነው። ግን ታርጋውንና የኋላ መብራቱን ይሸፍናል፤ ትራፊክ ያስቆማል፣ ቢያስቆምም ልክ ነው። ሌላም አለበት፤ የሚያንጠለጥለው የሳይክሉን የላይኛ ዘንግ ይዞ ነው። የሴት ሳይክል ደግሞ የላይኛ ዘንግ የለውም ወይም ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ የሕፃናት ሳይክልም የተሸካሚው ክንድ ላይ አይገጥምም። ለእነዚህ በኮርቻውና በመሪው መሀል ተጨማሪ ዘንግ ማስገባት ያስፈልጋል። ጋንቾ ላይ የሚሰካው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ እናትም ብቻዋን ታነሣበታለች። ግን መጀመሪያ ጋንቾ ሊኖር ይገባል፤ በእኛ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ጋንቾ ያለው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ማወቅ ጥሩ ነበር። አወቅነው። ከዚያስ? ካወቁ በኋላ መቁረጥ አይገባም ነበር? እንዲያውም መልሱ እደጃችን ተቀምጦ ነበር። እነዚያ የናቅናቸው የድሮዎቹ ኮሮላዎች የጣራቸው ጠርዝ ላይ የዝናብ መውረጃ ቦይ አላቸው፤ ፖርቶመጋላ እዚያ ላይ ነክሶ ድርቅ ይላል፣ ሌላ መሣሪያ አይሻም። በያጁም በየሰፈሩ ነው። ቱቦላሬ ቆርጦ፣ አግድም ሁለት ዘንግ ጥሎ፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ቦይ ከላሜራ አጥፎ፣ ቡሎንና ዳዶ አስሮ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የድሮ ካላማዳሪያ ጠቅልሎበት ማስረከብ ለእሱ ምን አለበት? የአይሱዙ ጎን የሚበይድ እጅ ነው። «ጋሼ፣ ልኬቱን ይስጡኝና ቅዳሜ ይውሰዱት» ብሎ ነበር እኮ! ቅዳሜ መጣ። እኛ አልሄድንም። ስንት ቅዳሜ አለፈ?

ለምን አልሄድንም? ይህን ማመን ያሳፍራል፤ ግን እንመን። ቀለሙ ይፋቃል ብለን ነው። መኪና በዚህ አገር ከነቀረጡ የቤት ዋጋ ያህል ስለሚያወጣ መኪናን ዕቃ አድርገን ማየት ተውን። ሸራ አለበስነው። ወንበሩን ከነላስቲኩ ተውነው። በየጠዋቱ አጠብነው። ልጅ በቆሸሸ ጫማ ሲገባ ጮኽንበት። እንዲህ ያለውን ታቦት ብረት ይጫንበት? ሳይክል ይውጣበት? እግዚኦ! ሃያ ዓመት ያስቆጠረ ቪትዝ ነው እኮ የምናወራው፤ ጃፓን አገር ተነድቶ ሰልችቶ የተላከ። ለእሱ ቀለም ስንሳሳ የልጆቻችንን ቅዳሜዎች ፋቅናቸው።

ከቀለሙ የባሰው ደግሞ «ከአሜሪካ ይምጣ» የሚለው ነበር። የአገር በያጅ የሠራውን ናቅን። ዲሲ ያለው ወንድም ቱሌ የሚባለውን የስዊድን ሥሪት ይላክ፣ ሲመጣ ይዞልን ይምጣ ተባለ። ቱሌ ጥሩ ነው፤ ማን ይክዳል። ይህ ድርጅት ሲጀመር የሚሠራው የዓሣ ወጥመድ ነበር፤ ከዚያ ነው መንገዱን ይዞ የመኪና ጣራ ላይ የደረሰው። የጣና ልጅ ይህን ሲሰማ ሊቆጭ ይገባው ነበር። እኛም እኮ ዓሣ እናጠምዳለን። እነሱ በእጃቸው ያለውን ይዘው ጀመሩ። እኛ ደግሞ የሰው ሻንጣ ጠበቅን። ወንድም ለገና አልመጣም፤ ለፋሲካ አልመጣም። በሦስተኛው ዓመት መጣ፤ ሻንጣው በልብስና በቫይታሚን ሞልቶ። ያመጣለት ሰውም ቢኖር የቱሌው እግር ከእኛ መኪና ጋር አልገጥም አለ። ጣራው ልሙጥ ሲሆን የበሩን ጫፍ ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ለየመኪናው ሞዴል የተለየ መግጠሚያ ይጠይቃልና። ያ መግጠሚያ ደግሞ ሌላ ሻንጣ ጠበቀ። አልሰማ ያለ ሁሉ እንዲህ ነው የሚቀጣው።

አንዳንዶቻችን ጨርሰን አልተውነውም፤ ሌላ መንገድ ሞከርን። በክረምት እረፍት ልጁን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንልክ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጫንነው። ረዳቱ ወደ ላይ ወረወረው፤ በጤፍ ጆንያና በፍራሽ መሀል እንደ ፋሲካ ፍየል አራት እግሩን ጠፍሮ አሰረው። ፍኖተ ሰላም ሲወርድ ቸርኬው ጠሟል፣ ራጂው ረግፏል፣ ካቴናው ወልቋል። ልጁ አለቀሰ። እኛስ? «ሳይክል ለገጠር አይሆንም» ብለን ደመደምን። በሁለት ዘንግ ብረት የሚቀረውን ጥፋት በሳይክሉ አሳበብን። ልጁን ከሳይክሉ ያፋታነው በዚያ ቀን ነው። ጎሚስታው ቸርኬውን አቃንቶ ሊሰጠን ይችል ነበር፤ የልጁን ልብ ግን ማን ያቃናዋል?

የሴት ልጆቻችን ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ለወንዱ ሳይክል ገዛን፤ ለእሷ «የወንድምሽን ንጂ» አልናት። ባሕር ዳር ሴት በሳይክል መሄዷ ከጥንት የተለመደ ነው፤ እናቶቻችን ነድተዋል። ይህን ወግ ይዘን ወደ ቡሬ፣ ወደ ጅጋ፣ ወደ ደምበጫ ብንወጣ የዚያ አገር ሴት ልጅ አይታ አትመኝም ነበር? አባቷስ አይቶ አይለምድም ነበር? አንድ ሰው የሚለወጠው በስብከት አይደለም፤ ሲያይ ነው። እኛ ግን የሚታየውን ነገር ግቢ ቆልፈን ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች ተናገርን።

ከእንጅባራ ምነው አልተማርን? ጥር 23 በመጣ ቁጥር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። የእርሻ ሥራው፣ የዘመኑ ውድነት፣ መኪናና ሞተሩ ፈረሱን አላስጣላቸውም። ማኅበር አቆሙ፤ ፈረስ ያለው ልጁን ኮርቻ ላይ አወጣ፤ ዘመን ሲለወጥ ፈረሱን ይዘው ወደ አዲሱ ዘመን ገቡ። እኛ ከእነሱ በመኪና ሁለት ሰዓት የማንርቅ ሰዎች፣ ከፈረስ በጣም የቀለለ፣ ሣር የማይበላ፣ የማይታመም ነገር ይዘን አንዲት የእሑድ ማኅበር እንኳ አላቆምንም። አሥር ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ በያጅ ጋ ቢሄድ ዋጋው ይቀንስ አልነበር? ይቀንስ ነበር። ማን ጠራን? ማን ተጠራ?

«የእኛ አገር ተራራ ነው፣ ለሳይክል አይሆንም» የሚለውን ደግሞ አንቀበልም። አስመራ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ከዚያ ደጋ የወጣው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አንደኛ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሷል። ሩዋንዳ ኮረብታ በኮረብታ የሆነች አገር ናት፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው የጎዳና ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው ኪጋሊ ነው። እኛስ ከኋላ ተነሣን? በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ስትሄድ ሜልቦርን ካሰለፈቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ 25ኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ በኋላ ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ለማየት እስከ 2008 ዓ.ም. ጠበቅን፤ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ ነው። ከጎጃም ሜዳስ? ከዚያ ሁሉ ሳይክል መሀል? ሻምፒዮን አላወጣንም ብለን አይደለም የምንቆጨው፤ ሻምፒዮን የሚወጣበትን ተራ ደስታ ነው የገደልነው። ጋላቢ ልጅ የሚወለደው ከአባቱ ጋር ወጥቶ ሜዳ ካየበት ቅዳሜ ነው።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የአማራ ክልል በጦርነት ተያዘ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሰው ለሕክምና ወይም ለለቅሶ ካልሆነ ከከተማ አልወጣ አለ። አያት ፍኖተ ሰላም ሆነው በስልክ ብቻ የሚሰሙ ሆኑ፤ ስልኩም በሠራ ጊዜ ነው። «ሰው እየሞተ ስለ ሳይክል ታወራላችሁ?» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው፤ የሞተው ሰው ይበልጣል፣ ምንም አይወዳደረውም። ግን ሰላም ሳለ ሰላሙን በምን አወቅነው? ልጅ ይዞ ያለ ሐሳብ ጢስ ዓባይ መውረድ ነበር እኮ ሰላም ማለት! ማንኩሳ ላይ መኪና አቁሞ ሳይክል ማውረድ ነበር። እሱን ሳንጠቀምበት አሳለፍነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ዛሬ «ያ ዘመን!» እያልን እንጮኻለን። ያ ዘመን እጃችን ላይ ሳለ ምን እያደረግንበት ነበር? መኪና እያጠብን።

የሚያበሽቀው ደግሞ ይህ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ የብስክሌት መንገድ የተለየለት። በኮሪደር ልማቱም ባሕር ዳር ውስጥ የሳይክል መስመር ተሠራ። ያኔ በአይሱዙና በባጃጅ መሀል እየተጋፉ የነዱት ሁሉ የተመኙት ነገር መጣ። ሳይክሉስ? ጨርሶ አልጠፋም፤ አሁንም ከሐይቁ ዳር የሚነዳ ሰው ይታያል። የእኛ ቤት ሳይክል ግን ጎማው ተንፍሶ፣ ፍሬኑ ደርቆ፣ ኮርቻው ላይ ዶሮ ሰፍሮበት ቆሟል። ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ «የብረት ዕቃ አላችሁ?» ይላል። አንዳንዶቻችን ሰጥተነዋል። በኪሎ መዝኖ ወሰደው።

ፖርቶመጋላስ? አሠራነው እኮ! በመጨረሻ ተሠራ። ነዳጅ ሲጠፋ፣ ዕቃ ሲወደድ፣ ከቤተሰብ የሚላክ ጤፍ ሲመጣ አስፈለገና በሁለት ቀን አስበየድነው። በሁለት ቀን! ቀለሙም ተፋቀ፤ ማንም አልሞተም። ዛሬ ጀሪካንና ጆንያ ይጫንበታል። ያ በያጅ ያንኑ ቱቦላሬ፣ ያንኑ ቡሎን ነው የተጠቀመው። ያኔም ነበረው።

ለታናሽየዋ ሳይክሉ አጥሯታል፤ ብትቀመጥበት ጉልበቷ መሪውን ይነካል። ታላቅየው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። «ና ሳይክልህን እናስጠግነው፣ መንገዱ ሲከፈት ቡሬ እንሄዳለን» ብንለው ስልኩን እንኳ ከፊቱ አላነሣም። «አባዬ፣ ይልቅ መንጃ ፈቃድ አውጣልኝ» አለን።